«እግዚአብሔር ልብ ነው የሚያየው» ብሎ መተኛት ይቻላል?

የፈረንሳይ ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ የቲክቶክ ላይቭ ገብቼ ደሜ ፈላ። ልጁ «እሁድ እንቅልፌን ጠግቤ እነሳለሁ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ ቅዳሴውን በዩቲዩብ እከታተላለሁ፣ እግዚአብሔር ልብ ነው የሚያየው» ይላል። ሰዉ ደግሞ ሮዝ ይወረውርለታል። ቡና እየጠጡ ቅዳሴ! ለክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን መሄድ አንደኛ ካልሆነ ስንተኛ ሊሆን ነው?

ሠናይት፦ ቡናውን ተወው፣ እሱ ላይ አልከራከርህም። ግን «እግዚአብሔር ልብን ያያል» ሐሰት ነው እንዴ? ሳሙኤል ላይ ተጽፏል፣ ልጁ ከኪሱ አላወጣውም። እኔ ነርስ ነኝ። እሁድ ቅዳሴ ሲገባ እኔ ከአዳር ወጥቼ በሽተኛ እያስረከብኩ ነው። እኔም ክርስቲያን አይደለሁም ማለት ነው?

የፈረንሳይ ልጅ፦ ስለ ነርስ ማን አወራ? የተኛውን ነው ያልኩት። ያ የሚታየው ልብ አካሉን ከአልጋ ማንሳት እንዴት አቃተው? እስቲ ሰኞ ለአለቃህ ደውለህ «ዛሬ በልቤ ቢሮ ነኝ» በለው። ደሞዙንም በልቡ ይከፍልሃል።

ጎረቤት (ጴንጤው)፦ ጣልቃ ልግባና፣ እኛም ጋ ያው ነው። በኮሮና ጊዜ ኦንላይን ተጀመረ፣ አንዳንዱ እስካሁን ከሶፋው አልተነሳም። ዕብራውያን 10፥25 «መሰብሰባችንን አንተው» ይላል። ያኔም ሰው ይቀር ነበር ማለት ነው።

የቄስ ልጅ፦ ጎረቤት፣ የእናንተ ስብከትና መዝሙር ነው፣ በስክሪንም ያስኬዳል። እኛ ጋ ሥጋ ወደሙ አለ። በዩቲዩብ ይቆረባል? የ2012ን ፋሲካ ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ያከበርነው ተገደን ነው። እናቴ ስክሪኑ ፊት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አለቀሰች። አሁን ያ የችግር ጊዜ ነገር ምቾት ሆኖ ቀረ።

ጎረቤት፦ «ስብከትና መዝሙር» ያልካት አልተመቸችኝም። የጌታ እራት እኛም አለን።

የቄስ ልጅ፦ በወር አንዴ።

ጎረቤት፦ አንተስ በስንት ዓመት አንዴ?

ሠናይት፦ 😂 ጎረቤት ጨረሰው። የቄስ ልጅ፣ እስቲ የምርህን ተናገር። ባለፈው እሁድ ማን ቆረበ? ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች። መሃል ላይ ያለነው ቆመን፣ ግማሾቻችን ወንጌል ከተነበበ በኋላ ደርሰን፣ «እትዉ በሰላም» ሲባል እንበተናለን። ከዚያ «በዩቲዩብ አይቆረብም» ብለን እንፈርዳለን። ቆመንስ መች ቆረብን?

የቄስ ልጅ፦ አለመቁረባችን አለመሄድን አያጸድቅም። የቆመ ሰው አንድ ቀን ይቀርባል። የተኛ ግን የት ያገኘዋል? ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል እሱ ትራሱን ይገለብጣል።

ሠናይት፦ አሁንም ወደ አልጋው ተመለስክ። እኔ ያልኩት ሌላ፣ አንተ የመለስከው ሌላ።

ተስፋ ዘቨርጂኒያ፦ ከዚህ ልናገር። እኔ የተውኩት በእንቅልፍ አይደለም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማለት ጎራ መምረጥ ነው። በ2010 የአገር ውስጡና የስደተኛው ሲኖዶስ ታረቁ፣ ደስ ብሎን አለቀስን፣ የእኛ ሰበካ ጉባኤ ግን እስካሁን አልታረቀም። ቅዳሴው ሲያልቅ ማይኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ ጃንጥላ ተገልብጦ ለሕንፃ ማሠሪያ ይዞራል። አንድ ሰዓት ሙሉ! ልጆቼ «አባዬ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

የፈረንሳይ ልጅ፦ «እዚህ ቁጭ ብላችሁ ታገሡ» በላቸው።

ተስፋ ዘቨርጂኒያ፦ ልጅ አለህ?

የፈረንሳይ ልጅ፦ ለጊዜው የለኝም።

ተስፋ ዘቨርጂኒያ፦ እንደዚህ ነው ታዲያ።

ወለተ ጊዮርጊስ፦ እኔ ሪያድ ነኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። የሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ በአንድ ጆሮዬ ቅዳሴ እሰማለሁ። ሌላውን ጆሮዬን ለማዳም እተወዋለሁ፣ ከጠራችኝ እንድሰማ። የእኔስ አይቆጠርም?

የፈረንሳይ ልጅ፦ እህቴ፣ አንቺን ማን ነክቶሽ! ስለ አንቺ አይደለም።

ወለተ ጊዮርጊስ፦ ነርሷም አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም። ታዲያ ከላይ «ለክርስቲያን» ስትል ማንን ነው? ቅዳሜና እሁድ እረፍት ያለውን የከተማ ወንድ ነው? እንደሱ በልና እንረዳህ። ሠናይትዬ፣ አንቺም ደስ አይበልሽ። የእኔን ችግር ለሰነፍ ጋሻ አታድርጉብኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ኪዳነ ምሕረት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበረች፣ ከኪዳን ጸሎት ቀርቼ አላውቅም። አሁን ብትገኝልኝ በዳዴ እሄድ ነበር። ያ ልጅ ግን ቤተ ክርስቲያን በሩ ላይ ቆማ እሱ ተኛ።

ሠናይት፦ እኔ ልጁን አልተከላከልኩም እኮ። ጥቅሱን ነው።

የቄስ ልጅ፦ ጥቅሱን ከልጁ አፍ ነጥለሽ መከላከል ያው እሱን መከላከል ነው።

ጎረቤት፦ ኧረ በአድዋ! የካቲት 23 ቀን 1888 እሁድ ነበር። በእናንተ ሕግ ዘማቹ ሁሉ ሰንበት ሻረ ልትሉ ነው።

የቄስ ልጅ፦ ታቦት ይዘው የዘመቱ ናቸው! ካህናቱ እዚያው ሲጸልዩ ነው ያደሩት። አድዋን ከብርድ ልብስ ጋር አታወዳድር።

ጎረቤት፦ ቀልዴን ነው፣ ምነው ተቆጣህ?

የቄስ ልጅ፦ በአድዋ አይቀለድም።

ተስፋ ዘቨርጂኒያ፦ ወደ ጃንጥላው እንመለስ። ማንም አልመለሰልኝም። የሕንፃው ሂሳብ በወረቀት ካልተለጠፈ አልመለስም ብያለሁ።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ለሂሳብ ነው የምትሄደው ወይስ ለቅዳሴ?

ተስፋ ዘቨርጂኒያ፦ ለሁለቱም። ይልቅ አንተ ባለፈው እሁድ የት ነበርክ? በአዲስ አበባ ሰዓት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአርሰናል ገጽ ሥር ስትሳደብ አይቼሃለሁ።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ቅዳሴ ወጥቼ ነው።

ሠናይት፦ በሁለት ሰዓት? 😂 የትኛው ደብር ነው እንዲህ ቶሎ የሚያሰናብተው? ንገረንና ተስፋ ልጆቹን ይዞ ይምጣ።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ርዕሱን አትቀይሩ።