ጥቆማ፦ ለሚግል ዴስክቶፕ ጽዳት፣ የፋን አቅጣጫና የፋን ምርጫ

ዴስክቶፕ ሲግል፣ ሬንደር (ቪዲዮ ወይም 3ዲ ሥራ ማውጣት) ላይ ሲንቀራፈፍ ወይም ጌም መሃል ድርግም ሲል ቶሎ የሚሰጠው ምክር "ፋን ጨምርበት" ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ገንዘቡን ያወጣል፤ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አይልም። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ ጽዳት፣ ቀጥሎ የፋን አቅጣጫ፣ ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ። አዲስ አበባ ላይ ያሉትን አማራጮች በዚሁ መንገድ ላነጻጽር።

ስለ አዲስ አበባ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን አይቀየርም፤ አየሩ ራሱ ግን ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር በተለካ የዩቲዩብ ቁጥር ዕቃ አትምረጡ። በአንጻሩ የክፍላችን አየር ቀዝቃዛ ነው። ያንን ቀዝቃዛ አየር እስከ ፕሮሰሰሩ ማድረስ ከቻልን ብዙ ተጠቀምን።

ምንም ሳትገዙ ይህን ሞክሩ። ኤችደብሊውኢንፎ ወይም ኮር ቴምፕ የሚባል የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ጫኑ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ኮምፒውተሩን ሥራ አስይዛችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩና ሙቀቱን ጻፉ። ከዚያ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) የጎን ክዳን ከፍታችሁ ያንኑ ድገሙ። ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ በደንብ ከወረደ፣ ለምሳሌ ከ5 ዲግሪ በላይ፣ ችግሩ የኬዙ አየር ነው። ለውጥ ከሌለ ግን ፋን ብትደረድሩም አይጠቅማችሁም። ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል፣ ወይም ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው የብረት ማቀዝቀዣ) በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም በደንብ አልተቀመጠም።

ወደ ጽዳት እንምጣ። እዚህ ሰው የሚሄደው ወደ ሦስት ቦታ ነው።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ርካሽ ነው፣ ሰፈር ውስጥም ይገኛል። እኔ አልመክረውም። የኮምፕሬሰሩ ጋን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ያ ውሃ ከአየሩ ጋር ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ይረጫል። ግፊቱም ለጎማ እንጂ ለስስ የፋን ምላስ የታሰበ አይደለም። ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ጋኑን አስቀድሞ ውሃውን ያስወጣለት፣ ከርቀት ያስነፋ፣ ፋኖቹንም በጣቱ ይዞ እንዳይሽከረከሩ ያድርግ። በግፊት ከልክ በላይ የዞረ ፋን ቡሽው ይጎዳል፣ ከዚያ መጮህ ይጀምራል።

ጥገና ቤት የተሻለ ነው፤ ግን ጠይቃችሁ ግቡ። ሂትሲንኩን ነቅላችሁ ትጠርጋላችሁ ወይስ ከላይ ብቻ ትነፋላችሁ? የምትቀቡት ፔስት ምንድን ነው? ስሙን የማይነግራችሁ ጋ አታሠሩ። ከማስረከባችሁ በፊት የእያንዳንዱን ፋን ፎቶ አንሱ። አንድ ጥገና ቤት የጸዳ ኮምፒውተር ሲመልስልኝ የኋላው ፋን ተገልብጦ ታስሮ ነበር፤ የለየልኝ ፎቶው ነው።

ሦስተኛው የራስ ብሎወር ነው። በእጅ የሚያዘውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ላለው፣ ለጌም ቤት ወይም ለጽሕፈትና ኮፒ ቤት ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አድርጉት። ፔስት ስትገዙ አርክቲክ ኤምኤክስ-4ን የሚያክል ካገኛችሁ ውሰዱ። በሲሪንጅ የሚሸጠው ርካሹ ኤችዋይ510 ለቢሮ ሥራ ይበቃል፤ ሬንደር ለሚሠራ ግን አልመርጠውም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አቅጣጫ። ፋን ሁለት ገጽ አለው። ምላሶቹ ክፍት ሆነው የሚታዩበት ገጽ አየር ይስባል። መሃሉን የያዙት የፕላስቲክ ክንዶች ያሉበት ገጽ ያስወጣል። አንዳንዱ ጎኑ ላይ ቀስት አለው። ከተጠራጠራችሁ ከኬዙ ውጭ በኩል አንድ ቅጠል ሶፍት አስጠጉ፤ ከተጣበቀ ያስገባል፣ ከራቀ ያስወጣል። አየሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ሰንደል ለኩሶ ከፊት ያስጠጋ። ጭሱ ገብቶ በኋላ ከወጣ ጥሩ ነው፤ መሃል ላይ ከተንከራተተ ፋኖቹ እየተጣሉ ነው።

ለአብዛኛው ኬዝ ትክክሉ ይህ ነው፦ የፊትና የታች ፋኖች ያስገባሉ፣ የኋላና የላይ ያስወጣሉ። የፕሮሰሰሩ ማማ ኩለር (ቁመቱ ረጅም የሆነ ሂትሲንክ) ፋን አየሩን ወደ ኋላው ፋን ይገፋል። ብዙ ሰው የሚስተው የላዩን ነው። ከላይ ሁለት ፋን ካላችሁ ወደ ፊት የተጠጋው ትኩሱን ሳይሆን ገና የገባውን ቀዝቃዛ አየር ነው የሚያስወጣው። እሱን ነቅላችሁ ሙቀቱን ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል።

የመስታወት ኬዝ ያላችሁ፣ በተለይ ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነውንና ዓሣ ገንዳ የሚመስለውን፣ ይህን ልብ በሉ። ባለ መብራት ፋን የሚያምረው ገጹ የሚስብበት ገጹ ነው። ገጣጣሚው ውበቱ ይታይ ብሎ የጎኑን ፋን ፊቱን ወደ ውስጥ ካዞረው፣ ፋኑ አስወጪ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኬዝ ሁሉም ፋን እያስወጣ፣ ምንም ሳያስገባ ይሠራል። ያኔ አየር በየስንጥቁ ከነአቧራው ይሳባል። ለዚህ ቦታ ሪቨርስ የሚባለው፣ ምላሱ በተቃራኒ የተሠራው ፋን አለ። እሱን ካላገኛችሁ ውበቱን ትታችሁ ፋኑን ገልብጡት።

ለእኛ አቧራ የሚስማማው የሚያስገባው ከሚያስወጣው በትንሹ ሲበልጥ ነው። ለምሳሌ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ያኔ አየሩ የሚገባው ማጣሪያ ባለበት በኩል ብቻ ይሆናል። ኬዙ ማጣሪያ ከሌለው ስስ የሴት ስቶኪንግ ወጥራችሁ እሰሩበት፤ ይሠራል። የትንኝ ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ አቧራውን አይዝም። ወፍራም ጨርቅ ደግሞ አየሩንም ይከለክላል። በበጋ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ እጠቡት። ኬዙን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፤ በብዙ ኬዝ የፓወር ሰፕላዩ አየር መሳቢያ ከታች ነው።

ኬዝ ገና የምትገዙ ከሆነ የፊቱ ቀዳዳ ከመብራቱ ይቅደም። ፊቱ ወንፊት የሆነ ተራ ኬዝ፣ ፊቱ በመስታወት ከተዘጋና ሦስት ባለ መብራት ፋን ካለው ኬዝ ይበልጣል። ገበያ ላይ ከኬዝ ጋር የሚመጡት ባለ መብራት ፋኖች ብዙዎቹ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ ይሰካሉ፤ ፍጥነታቸውን ባዮስ (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) አይቆጣጠረውም። ባለ 4 ፒን ፋን (መሰኪያው አራት ቀዳዳ ያለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ) ይሻላችኋል፤ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ዝም ይላል። ባለ 3 ፒን ከሆነ ባዮስ ውስጥ ዲሲ የሚለውን ምረጡለት፤ አለበለዚያ ሁሌም በሙሉ ፍጥነት ይጮሃል።

ከፋን የእኔ ምርጫ አርክቲክ ፒ12 ነው። በደቂቃ እስከ 1,800 ዙር ይሄዳል፤ ማጣሪያና ወንፊት ሰንጥቆ ለመሳብ የሚያስችል ግፊት አለው፣ አምስቱ በአንድ ካርቶንም ይሸጣል። ኖክቷ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 ከሱ ይበልጣል፣ ድምፁም ለጆሮ ይመቻል፤ ግን በአንዱ ዋጋ ብዙ ፒ12 ይገዛል። ድምፅ ቀረጻ ለሚሠራ ሰው ኖክቷን እመክራለሁ፣ ለሌላው ፒ12 በቂ ነው። እንደ ራይዘን 5 5600 ወይም አይ5-12400 ላለ መካከለኛ ፕሮሰሰር የውሃ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። የውሃውም ራዲያተር የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር ነው። ያንን ብር ለቴርማልራይት ማማ ኩለር አውሉት።

ከዱባይ የመጣ ያገለገለ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ነገሩ ይለያል። የብዙዎቹ የፋን ሶኬት የራሱ የፋብሪካው ዓይነት ስለሆነ ተራ ፋን አይገጥምም። በግድ ቢገጥምም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የፋን ስህተት እያለ ያስቸግራችኋል። ፋብሪካው አየሩን ከፊት ወደ ኋላ በፕላስቲክ መሸፈኛ እየመራ ነው የሠራው። መሸፈኛውን አትጣሉት። አጽዱ፣ ፔስት ቀይሩ፣ እዚያው ይብቃ። ግራፊክስ ካርድ የጨመራችሁበት ግን የካርዱ ሙቀት እዚያው ውስጥ ስለሚቀር፣ ከኋላ የፋን ቦታ ካለው በአዳፕተር አንድ አስወጪ ጨምሩ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ፋን ቀላል ዕቃ ነው፣ ኪሎ አይበላም። "ፋን አምጣልኝ" ብቻ ካላችሁት ግን ባለ መብራቱን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ አርክቲክ ፒ12፣ ፒደብሊውኤም (PWM) የሚል የተጻፈበት፣ 120 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ፒን፣ መብራት የሌለው፣ የአምስቱ ካርቶን። ከመላካችሁ በፊት ማዘርቦርዳችሁ ላይ ስንት የፋን ሶኬት እንዳለ ቁጠሩ፤ ካነሰ አንዱን ለሁለት የሚከፍል ገመድም ጨምራችሁ እዘዙ።