ጡረታ የወጣ ሰው በአንዴ የተሰጠው ገንዘብ ከዕድሜው ቀድሞ እንዳያልቅበት

የቦርከና ልጅ፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ኮምቦልቻ ካለ የግል ድርጅት በ60 ዓመታቸው ወጥተው ፕሮቪደንት ፈንዳቸውን (ከደመወዛቸውና ከአሠሪው መዋጮ የተጠራቀመላቸውን) 1,200,000 ብር በአንዴ ተቀብለዋል። ወርኃዊ ጡረታ የላቸውም። ደሴ የራሳቸው ቤት አላቸው፤ የእሳቸውና የባለቤታቸው ወጪ በወር 12,000 ብር ነው። ወለድ አይበሉም። «100 ወር ይዞኝ ይሄዳል፣ ከዚያ አላህ ያውቃል» ይላሉ። እውነት ይሄዳል?

ጦሳ ግርጌ፦ አይሄድም። 12,000 ብሩ የዛሬ ወጪ ነው። ኑሮው በዓመት 15 በመቶ ቢወደድ በሁለተኛው ዓመት በወር 13,800፣ በአምስተኛው ወደ 21,000 ብር ይፈልጋሉ። ገንዘቡ በስድስተኛው ዓመት ውስጥ፣ 66 ሳይሞላቸው ያልቃል። በዓመት 7 በመቶ ትርፍ ቢያገኝ እንኳ የሚገፋው እስከ ሰባተኛው ዓመት ነው። 15 በመቶ ማጋነን እንዳይመስልህ፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን፣ አጎትህ ከድርጅቱ በፊት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ያውቃሉ? ከሆነ የቅጥርና የስንብት ደብዳቤያቸውን ይዘው ማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመርምሩ። ጡረታ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ለሲቪል ሠራተኛ ከ10 በላይ በእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ትንሽ ብትሆንም እስከ ዕለተ ሞት አትቋረጥም፤ እሳቸው ቢያልፉም ግማሹ ለባለቤታቸው ይቀጥላል። ገና ሥራ ላይ ያላችሁም 10 ዓመት ሊሞላችሁ ወራት ሲቀሩ አትልቀቁ።

የቦርከና ልጅ፦ የመንግሥት አገልግሎት የላቸውም። ግቢው ውስጥ ባዶ ቦታ ግን አለ።

ሐይቅ ዳር፦ አብሽር፣ እንግዲያው መፍትሔው እሱ ነው። ከዋጋው ጋር አብሮ ከፍ የሚል ገቢ ኪራይ ነው። ሁለት ክፍል ይሥሩ፤ ወጪው ግን ከገንዘቡ ሲሶ፣ ማለትም ከ400,000 ብር አይለፍ። በዚያ ሁለት ካልወጣ አንድ ክፍል ጨርሰው ያከራዩ። ብዙ ጡረተኛ የሚከስረው ሁለቱንም ጀምሮ ግድግዳው ላይ ሲቆምበት ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ቦታው ተዳፋት ከሆነ የድጋፍ ግንቡ ብቻ በጀቱን ሊውጥ ይችላል፤ ግንበኛው መጀመሪያ እሱን ለብቻ ይገምት። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሳይወጣ ድንጋይ አይጫን። ብረትና ቆርቆሮ አስቀድሞ መግዛት ይቻላል፤ ሲሚንቶ ግን ሥራው ሲደርስ ነው፣ ክረምት ከከረመ እርጥበት ይዞት ይደርቃል። ኪራዩን ሲያሰሉ የ10 ወር ብቻ ይያዙ፤ ሁለቱ ወር ለባዶ ጊዜና ለጥገና ነው።

ከቀረው ገንዘብ ላይ የስድስት ወር ወጪ የሆነው 72,000 ብር ወዲዓ ሒሳብ (ወለድ የሌለው፣ ሲፈለግ የሚወጣ የአደራ ሒሳብ) ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው በጊዜ ገደብ ሙዳረባ (ባንኩ ሠርቶበት ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ የሚያካፍልበት ሒሳብ) አራት ቦታ ተከፍሎ በየሦስት ወሩ አንዱ እንዲደርስ ይደረግ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ከተቆለፈ ችግር ሲመጣ ውሉን ማፍረስ ግድ ይሆናል። የሙዳረባ ትርፍ አስቀድሞ የሚታወቀው የመከፋፈያ ድርሻው እንጂ መጠኑ አይደለም፤ ስለዚህ ለወር አስቤዛ አይታሰብ።

ወረኢሉዋ፦ ያልተነሡ ወጪዎች አሉ። ዘካ በሚቀረው ገንዘብ ላይ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ነው፤ ለምሳሌ በ1,000,000 ብር 25,000። ሐጅ ካሰቡ ከአሁኑ ለብቻው ይመደብ እንጂ ከወር ወጪው አይነካ። የቅሬ (የእድር) መዋጮም አይቋረጥ፤ ለቀብርና ለሐዘን ከተቀማጩ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። የልጅ ሰርግና የዘመድ ንግድ ሲመጣ የሚሰጠው ከዓመቱ ኪራይ ትርፍ ብቻ ይሁን፤ ዋናው ከተነካ 75 ዓመት ላይ የሚተካው የለም።

ሌላው ባለቤታቸው ናቸው። ሒሳቡ ሁሉ በአጎትህ ስም ብቻ ከሆነ እሳቸው ሲያልፉ ባንኩ ያግደዋል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የስድስት ወሯን ወጪ ሒሳብ በእትዬ ስም ያስከፍቱ።