ሲ ባስ በፕላስቲክ ዓሣ እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው እንግሊዝ፣ ብራይተን ነው። ሐዋሳ ቆሮሶ በትል እያጠመድኩ ነው ያደግሁት። እዚህ ባሕር ዳር መንጠቆ ባለው የፕላስቲክ ዓሣ ሦስት ወር ሞክሬ አንድ ሲ ባስ (የባሕር ዓሣ ነው) ብቻ! የምወጣው ቀን ስድስት ሰዓት ነው፤ አርቄ እወረውራለሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጠራራ ፀሐይማ ማን ይነክስልሃል? ጎህ ሲቀድ ወይም ሲመሻሽ ውጣ። አርቀህም አትወርውር። ሲ ባስ ሸርጣንና ትናንሽ ዓሣ ፍለጋ እግርህ ሥር ድረስ ይመጣል። ማዕበሉ ድንጋይ መትቶ ነጭ አረፋ የሚሠራበት ጋ ጣል። ውሃው ሲሞላ ግን መመለሻህን እንዳይዘጋብህ።

ሌላ መልስ፦ ክሩን ቀስ ብለህ ጠቅልል፣ መሃል ላይ ቆም አድርግ። እኔን የሚነክስልኝ መጠቅለሉን ሳቆም ነው። ከ42 ሴንቲ ሜትር ያነሰውን መልሰው፤ ሕግ ነው።

ጠያቂው፦ ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጣሁ። 47 ሴንቲ ሜትር! አሥር ሜትር እንኳ አልወረወርኩም። ጫማዬ ግን በስብሷል።