ጥይት ወይስ ፕላዝማ? ለላን ውድድር የቱ ይታመናል?

ጠባሴ07፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ ጌም ቤት ውስጥ በላን (እዚያው ቤት ውስጥ እርስ በርስ በተያያዙ) 8 ኮምፒውተሮች የሃሎ (የተኩስ ጌም) ውድድር ልናዘጋጅ ነው። ማሽኖቹ አሮጌ ስለሆኑ የ2003ቱን (እ.ኤ.አ.) የፒሲ እትም ነው የምንጭነው። ክርክሩ መሳሪያ ላይ ነው። ገሚሱ «ፕላዝማ (በጥይት ፈንታ በባትሪ የሚተኩሰው መሳሪያ) አይታመንም፣ መሃል ላይ ይግላል፣ ባትሪው ካለቀ ብረት ነው፤ ይውጣ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ ሽጉጡ ጨዋታውን ስለሚገድለው እሱ ይውጣ ባይ ነው። ምን ትላላችሁ?

የአንኮበር ልጅ፦
ሁለቱንም አታውጡ። ሽጉጡ 12 ጥይት ይይዛል፤ ሦስት ጊዜ ከመታህና ሦስተኛው ጭንቅላት ከሆነ ሙሉ ጋሻ (ሰውነትን የሚሸፍን መከላከያ) ያለውን ይጥላል። ስለዚህ የሚታመነው የማይስት እጅ ላይ ነው። የፕላዝማ ጠመንጃ ሌላ ሥራ አለው፦ ጋሻ ቶሎ ይበላል፣ የተመታውንም ያዘገየዋል። በቅርብ ርቀት ቀድሞ የተኮሰው እሱን ይዞ ከሆነ ሽጉጥ ያለው ሰው መላወሻ ያጣል።
የሚግለው ምላጩን ይዘው ስለሚቀሩ ነው። በአጭር በአጭር ልቀቁት፣ በመሃል እረፍት ስጡት። አንዴ ከጋለ እጅህ ላይ እየጨሰ ትቆማለህ። ባትሪው አይሞላም፤ መቶኛው ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ሲያንስ ጣለውና ሌላ አንሳ።
ትንሹን የፕላዝማ ሽጉጥም አትናቁት። ምላጩን ይዘህ አጠራቅመህ ስትለቀው ጋሻውን በአንድ ምት ያወርዳል፤ ወዲያው ወደ ሽጉጡ ቀይረህ አንድ ጭንቅላት በቂ ነው። ግን የፕላዝማው ምት ቀርፋፋ ነው፣ ያየ ሰው ጥግ ይዞ ያመልጠዋል።

ሞጃ_ተኳሽ፦
«ጥይት ይታመናል፣ ጨረር አይታመንም» የሚባለው የጌም ሕግ አይደለም። ፋር ክራይ 2 ላይ ከጠላት ያነሳኸው ክላሽ ዝጎ ነው የሚመጣው፤ መሃል ላይ ይሰነቀራል፣ ቆይቶም እጅህ ላይ ይፈነዳል። አዲስ ከመሸጫው ካልገዛህ መፍትሔ የለውም። በአንጻሩ ሄልዳይቨርስ 2 ላይ ሌዘሩ ከመጋሉ በፊት ምላጩን ከለቀቅህ ራሱ ይበርዳል፣ ምንም አያባክንም። እስከ ጫፍ ካጋልከው ግን ማቀዝቀዣውን መቀየር ግድ ነው፣ እሱም ቁጥር አለው። ሞቃት ፕላኔት ላይ ቶሎ ይግላል፣ ቀዝቃዛው ላይ ይዘገያል። ማለትም ብልሽቱ አስቀድሞ የሚታይ ነው፤ ለእኔ መታመን ማለት ይሄ ነው።
ማስ ኢፌክትንም ጨረር የሚያደርጉት አሉ፤ አይደለም፣ ብረት ነው የሚወረውረው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሙቀት ብቻ ነበር የሚገድበው፣ በ2010 ሁለተኛው ሲወጣ የሚቀየር ማቀዝቀዣ አስገቡበት፤ በተግባር ካዝና መልሰው አመጡ።

ጣርማ በር፦
በእውነተኛው ዓለም ክላሽ ነው የሚያሸንፈው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2014 ፖንስ የተባለ መርከብ ላይ 30 ኪሎዋት ሌዘር ሰቅለው ነበር። ጨረሩ አንድ ቦታ ላይ መቆየት አለበት፤ ጉምና አቧራ ይበትኑታል። የጣርማ በር ጉም ውስጥ ሌዘር ታጥቆ መቆም ባትሪ ማባከን ነው።

ጠባሴ07፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰርቨሩን (ጨዋታውን ለሁሉም የሚያስተናግደውን) ከከፈተው ኮምፒውተር የሚጫወተው ልጅ በሽጉጥ አይቻልም፤ ሌሎቹ በትክክል አልመው ይስታሉ። ለምን?

የአንኮበር ልጅ፦
የፒሲው ሃሎ ጥይት በቅጽበት አይደርስም፣ ይጓዛል፤ የመስመሩ መዘግየትም ይደመርበታል። እንበል ኢላማው በሰከንድ 5 ሜትር ይሮጣል፣ መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ነው፦ ግማሽ ሜትር ቀድመህ ማለም አለብህ። ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው ይሄ አያገኘውም። በፕላዝማ ግን ሁሉም ሰው ድሮም ቀድሞ ነው የሚያልመው፣ ስለዚህ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም።
ዋይፋይ ይቅር፣ ሁሉም በገመድ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ይሰካ። የጌሙን የብቻ ሰርቨር ማንም በማይጫወትበት ዘጠነኛ ማሽን ላይ ክፈቱ። ያንን ማሽንና ስዊቹን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ አድርጓቸው፤ መብራት ብልጭ ብሎ ሰርቨሩ ከወደቀ ውጤቱም አብሮ ይሄዳል። የመሳሪያ ምርጫውን ጌም ታይፕ (የውድድሩ ዓይነት ማስተካከያ) ውስጥ «ኖርማል» ላይ ተዉት።