ኦንሲዲየሜ ቅጠል ብቻ ሆነች፣ አበባ የለም

የጠባሴዋ፦
ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ከአንድ አበባ ሻጭ ኦንሲዲየም ኦርኪድ ገዝቼ መጣሁ። ያቺ ቢጫዋ፣ ቀሚሷን ዘርግታ የምትጨፍር ሴት የምትመስለው። ስገዛት አበባዋ ሙሉ ነበር፣ ወር ከምናምን ቆየልኝ፣ ከዚያ ረገፈ፤ ይኸው እስከዛሬ አንዲት እንኳ አልደገመችም። ቅጠሏ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት አምራለች» ይላል። ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያለችው። ውጭ እንዳላወጣት የኛን ውርጭ ታውቁታላችሁ። አበባው እንደረገፈ ማሰሮዋ ጠበባት ብዬ የጓሮ መረሬ ከፍግ ጋር ደባልቄ ወደ ትልቅ አዛወርኳት። ዘንድሮ ደግሞ ከታች ያለው ሽንኩርት የመሰለው ነገሯ ተጨማደደ፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠልም እንደ አኮርዲዮን ተሸብሽቦ ነው የሚወጣው። በሳምንት ሁለቴ አጠጣለሁ። ምን አጠፋሁ?

ከሸዋ ሮቢት፦
እህቴ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው ስትዪ መልሱን ራስሽ ተናገርሽው። ብርሃን አጥታለች። ደህና ብርሃን ያገኘች ኦንሲዲየም ቅጠሏ እንደ ሰላጣ ፈካ ያለ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። እንግዳ የሚያደንቀው ቅጠልና አበባ የሚሰጥ ቅጠል ይለያያል። መስኮት ዳር አምጫት። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ካለሽ እሱ ይሻላል። የደቡቡ መስኮት ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ግን ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ያው መስኮት ይጨልማል፣ ማሰሮዋን ማዛወር ነው። ቀትር ላይ እጅሽን ከቅጠሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገሽ ያዢ። ጥላው ጠርዙ ደብዘዝ ካለ ልክ ነው፣ ጥርት ያለ ጥቁር ጥላ ከጣለ ትቃጠላለች፣ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጊ። እኔ እዚህ ቆላ ችግሬ የተገላቢጦሽ ነው፣ ማንጎ ሥር ሰቅዬ ነው ከፀሐይ የማስጥላት። የተሸበሸበው ቅጠል ግን ጥማት ነው፣ ውሃ ጨምሪ።

ጋሼ ባለከሰል፦
ልጄ፣ ውሃ እንዳትጨምሪ! የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ ስለ ብርሃኑ ልክ ነው። የተሸበሸበ ቅጠል የጥማት ምልክት መሆኑም እውነት ነው። ግን ውሃ ውስጥ ቆማም ትጠማለች እኮ፣ ሥሯ ከበሰበሰ በምን ትጠጣ? ይህች ተክል አገሯ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አብዛኞቹ ዘመዶቿ አፈር ረግጠው አያውቁም፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ሥራቸውን ነፋስ እየመታው ነው የሚኖሩት። ዝናብ ያርሳቸዋል፣ ወዲያው ይደርቃሉ። ሽንኩርት ያልሽው የውሃ ጎተራዋ ነው። አንቺ ደግሞ መረሬ ውስጥ ቀበርሻት! መረሬ ጤፍ ይዝራበት እንጂ ሲረጥብ ሊጥ ነው፣ አየር አያሳልፍም።

ነገ ሳትዪ ገልብጫት። ነጭና ጠንካራ የሆነው ሥር ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ስትጨብጪው የሚሟሽሽ፣ ልጡ ተገፎ እንደ ክር የሚቀረው የሞተ ነው፤ ምላጭ በእሳት አቃጥለሽ ቁረጪው። ከዚያ ከሰል ባቄላ ባቄላ አሳክለሽ ስበሪ፣ አመዱ እንዲለቅ ሁለት ሦስት ቀን ዘፍዝፊው፣ የሸክላ ስባሪ ቀላቅዪበት፣ ታቹ በደንብ በተበሳ ጠባብ ማሰሮ ትከያት። ጠባብ ነው ያልኩት፣ ማዘን የለም። አሮጌዎቹ ሽንኩርቶች በማሰሮው ጠርዝ በኩል ይሁኑ፣ አዲሱ ቡቃያ ወደ መሃል መሄጃ ያግኝ። ሥር እስክታበጅ እንዳትወዛወዝ በክር እሰሪያት።

የአንኮበሯ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔ የምጨምረው ብርዱን ነው። እታለም፣ መስኮት ዳር ያለሽን ስሚ፣ ግን ህዳርና ታህሳስ ማታ ማታ ከመስታወቱ ፈቀቅ አድርጊያት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለሽው፣ መስታወቱ ሌሊት በረዶ ነው። ሌሊት ከ13 ዲግሪ ባይወርድባት ጥሩ ነው። ቀን ሞቅ ሌሊት ቀዝቀዝ ማለቱን ራሱን ግን ትወደዋለች። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ማታ እርጥብ ሆና እንዳታድር። ክረምት ላይ የጣራ ውሃ ጀሪካን ሙሉ አጠራቅሚ፣ የቧንቧው ጨው የቅጠሉን ጫፍ ያጠቁረዋል።

ደግሞ የኔን ጥፋት እንዳትደግሚ። ባሌ ለገብስ ካመጣው ዩሪያ አንድ ማንኪያ በጥብጬ ሰጠኋት። ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው እኮ! በሁለት ሳምንት ውስጥ የሥሮቹ ጫፍ ሁሉ ጠቆረ። አሁን የአበባ ፈሳሽ ማዳበሪያ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ ነው የማደርገው፣ ያውም አዲስ ቡቃያ እያደገ ሳለ። አንዴ ያበበ ሽንኩርት በአብዛኛው አይደግምም፣ አበባ ከአዲሱ ነው የሚጠበቀው። ቢሆንም አሮጌው አረንጓዴ እስከሆነ አትቁረጪው፣ ለልጁ ስንቅ ነው።

የጠባሴዋ፦
ገለበጥኳት። ሽታው! ከዚያ ሁሉ ሥር ነጭ የቀረው አራት ብቻ ነው። ከሰሉን ዘፍዝፌያለሁ፣ ቅዳሜ እተክላለሁ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ።

የጠባሴዋ፦
ዓመት አልፎኝ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። አልሞተችም! ስድስት ወር ያህል ዝም ብላ ከርማ ሥር አወጣች፣ ከዚያ አዲስ ሽንኩርት ሠራች፣ ከድሮዎቹ ይወፍራል። ቅጠሏ ፈክቷል፣ አሁን እንግዳ «ምን ሆና ነው የገረጣችው» ይለኛል። ጥያቄዬ፣ ትናንት ስወለውላት በአዲሱ ሽንኩርትና ባቀፈው ቅጠል መሃል የጥፍር ያህል ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። ሥር ነው አበባ?

ጋሼ ባለከሰል፦
ጫፉ ክብ ነው ሹል? ሥር ጫፉ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ወደ ታች ያጎነብሳል። አዲስ ቡቃያ ደግሞ ከግርጌ ተነስቶ እየሰፋ ቅጠል ይከፍታል።

የጠባሴዋ፦
ሹል ነው። ጠፍጠፍ ያለ፣ ወደ ላይ ያየ።

ጋሼ ባለከሰል፦
እልል በይ! የአበባ ዘንግ ነው። እስኪፈነዳ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅብሻል። ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አጠጫት፣ ማሰሮዋንም ከእንግዲህ አታዙሪ፣ ዘንጉ ብርሃን ሲፈልግ ይጠማዘዛል። እምቡጥ ስትይዝ የቡና ከሰል አጠገቧ አታንድጂ፣ ጭሱ ሳትከፍት ያረግፋታል። የበሰለ ሙዝም እንደዚያው ነው።

የአንኮበሯ፦
የኔ ሻሪ ቤቢ የምትባለዋ ኦንሲዲየም አምና በሙዝ ነው የረገፈችብኝ። ቸኮሌት ቸኮሌት የምትሸተዋ! ማሽተቱ ሳይደርሰኝ ቀረ።

የጠባሴዋ፦
ቡናውንስ ጓዳ አፈላለሁ። ባለቤቴ ነው «ሙዜን የት ላስቀምጥ» እያለ ያስቸገረኝ።