ክርክር፦ ሄንሪ ቦሊንግብሩክ ርስቱን አስመለሰ ወይስ አልጋ ነጠቀ?

አወያይ፦ እ.ኤ.አ. በ1399 የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ በአጎቱ ልጅ በሄንሪ ቦሊንግብሩክ ከዙፋኑ ወረደ። ሄንሪ ልክ ነበር ትላላችሁ?

የሕግ ተማሪ፦ በሚገባ! ሄንሪና ቶማስ ሞውብሬይ ተካሰሱ። በ1398 ኮቨንትሪ ላይ በፍልሚያ ሊለይላቸው ሲል ንጉሡ አስቆማቸውና ሁለቱንም አገር አስለቀቀ። እሺ፣ ይኼ ይለፍ። በ1399 መጀመሪያ የሄንሪ አባት ጆን ኦቭ ጎንት ሞተ። ንጉሡ ሄንሪ ውርሱን በወኪል እንዲረከብ በደብዳቤ ፈቅዶለት ነበር። አባትየው ሲሞት ግን ፈቃዱን ሽሮ ርስቱን ያዘው። ንጉሥ እንዲህ ቃሉን ካጠፈ የየትኛው ባላባት ርስት ይተርፋል?

የታሪክ መምህር፦ እህቴ፣ በርስቱ እስማማለሁ። ዘውዱስ የማን ነበር? ሪቻርድ አየርላንድ ዘምቶ ሳለ ሄንሪ ሰሜን እንግሊዝ ገባ፤ የመጣሁት ለርስቴ ነው አለ። የሰሜን ባላባቶቹ እነ ፐርሲ ተከተሉት። በ1403 እነዚያው ሰዎች መሐላህን አፍርሰሃል ብለው ወጉት። በዘር ሐረግ ከሄደን ደግሞ የ7 ዓመቱ ኤድመንድ ሞርቲመር ይቀድመዋል፤ በሴት በኩል ቢሆንም ከሄንሪ አባት ታላቅ ወንድም ነው የሚወለደው።

የሕግ ተማሪ፦ ሌላ ሕፃን? ሪቻርድም እኮ የነገሠው በ10 ዓመቱ ነው። ደግሞ መውረዱ በጉልበት ብቻ አልነበረም። በጉባኤ ፊት 33 የክስ ነጥቦች ቀርበውበታል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ክሱ ሲቀርብ ሪቻርድ የት ነበር? የለንደን ግንብ ውስጥ ታስሮ። መልስ እንዲሰጥ አልተጠራም። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፖንትፍራክት ቤተ መንግሥት በእስር ሞተ፤ በረሃብ ሳይሆን አይቀርም። ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ ፍትሕ ከሆነ፣ ሪቻርድን የምንወቅስበት ምክንያት አይኖርም።

የታሪክ መምህር፦ ልክ ነህ። ንጉሡን ሳያወርዱ መገደብም ይቻል ነበር። በ1388 አምስት መኳንንት አማካሪዎቹን አስወግደው እሱን ዙፋኑ ላይ ትተውታል።

የሕግ ተማሪ፦ ምን ሆኑ ታዲያ? ሪቻርድ ምሕረት ሰጣቸው፤ በ1397 ግን ምሕረቱን ሰርዞ ተበቀለ። አሩንዴል አንገቱ ተቆረጠ። ዎሪክ ተጋዘ። የገዛ አጎቱ ግሎስተር ካሌ ላይ በእስር ሳለ ተገደለ። የቀሩት ሁለቱ ሞውብሬይና ሄንሪ ራሱ ናቸው። ሄንሪ ርስቱን ብቻ ይዞ ሪቻርድን በዙፋኑ ቢተወው ስንት ዓመት በሕይወት ይቆይ ነበር?

ሌላ ተሳታፊ፦ ይኼ የመፍራት ምክንያት ነው፣ የመንገሥ መብት አይደለም። የተዘለለው የሞርቲመር ሐረግም ዝም ብሎ አልቀረም። በ1460 የዮርኩ ሪቻርድ በዚያው ሐረግ ዘውዱን ጠየቀ፤ ያኔ የሄንሪ የልጅ ልጅ ነበር ንጉሡ።