ቢሯችን ዝም ብሏል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት። ሥራችን ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ቁጥር ከቁጥር ማመሳከር፣ ስህተት መፈለግ፣ እንደገና መጀመር። ሥራው አይከብድም። ግን ሁላችንም የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን እንውላለን። ጠዋት «ደህና አደራችሁ»፣ ማታ «ደህና እደሩ»፣ በቃ። የሚያሳዝነኝ ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች መሆናቸው ነው።

አለቃችን የጨዋታ ሰዓት አዘጋጅተው ነበር፤ በግዴታ ስለሆነ ማንም ደስ አላለውም። እኔ ግን ደስታው እዚያው ሥራው ውስጥ ቢመጣ ይሻላል እላለሁ። ለምሳሌ ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ፣ ማለትም 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍን፣ አብረን ብንሞክረውስ? ዕረፍታችን አንድ ላይ ከሆነ ወሬው በራሱ ይመጣል። አልታረቅ ያለ ሂሳብ ሲገጥምም ለሁለት ማየት ይቻላል፤ ስህተቱ ሲገኝ ደስታው የጋራ ነው። ጸጥታ የሚወዱትን ግን ማስጨነቅ አልፈልግም። አንዷ ባልደረባችን ድምፅ ካለ ጭራሽ መሥራት አትችልም።

እንዲህ ያለ ቦታ የሠራችሁ፣ እንዴት ጀመራችሁት? መጀመሪያ ለአለቃ ላማክር ወይስ አጠገቤ ካለው ሰው ጋር ዝም ብዬ ልጀምር? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።